ሞላው የተስተካከለው ለማን ነው?

ባለቤቴ ስኖውሞቢል ሲነዳ ይዝናናል። እኔ ግን ሃያ ደቂቃ ሳልነዳ ክንዴ ይዝላል። «ፈርተሽ መሪውን ጨምቀሽ ስለምትይዢው ነው» ይለኛል። አምኜው አንድ ሙሉ የበረዶ ወቅት ከኋላው ተፈናጥጬ ከረምኩ።

የምንኖረው ሚኒሶታ ነው። ፖላሪስ የተባለው የስኖውሞቢል አምራች እንኳ እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው በዚሁ ግዛት ሰሜን ጫፍ፣ ሮዞ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እዚህ በረዶ ወረደ ብሎ ቤቱን ዘግቶ የሚቀመጥ ጥቂት ነው፤ እኛም ያገለገለ ገዛን።

ለካስ ነገሩ ፍርሃት አልነበረም። ከፊት ያሉት ሁለት ስኪዎች እያንዳንዳቸው ባለ ሞላ አሞርዛተር አላቸው። ሞላው ሲጠብቅ ስኪዎቹ ላይ የሚያርፈው ክብደት ይጨምራል፤ ኩርባ ላይ በረዶውን ነክሰው ይይዛሉ፣ መሪው ግን ይከብዳል። ሲላላ መሪው ይቀላል፤ ከመጠን በላይ ከላላ ደግሞ መሪውን ቢያዞሩትም ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። የእኛው የተስተካከለው ዘጠና ኪሎ ለሚመዝነው ባለቤቴ ነው። እኔ ሃምሳ ስምንት ነኝ። (ማርኬቲንግ ላይ ስለምሠራ፣ «ለሁሉም የሚስማማ» የሚል ማስታወቂያ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ ባትጠይቁኝ ይሻላል።)

እርስዎም አንድ ማሽን ከቤተሰብ ጋር የሚጋሩ ከሆነ ይሞክሩት። ሞተሩን አጥፍተው፣ ስኪዎቹ መሬት እንዳይነኩ ፊቱን ከፍ አድርገው አስተማማኝ ድጋፍ ላይ ያሳርፉት። ከዚያ የሞላውን ማስተካከያ ቀለበት በቁልፉ አንድ ዙር ብቻ ያላሉት። ግራና ቀኙ የግድ እኩል ይሁን፤ አለዚያ ማሽኑ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ሞላው ቦታው ላይ እስኪንቀጫቀጭ ድረስ ግን አያላሉት። የለመዱትን መንገድ በዝግታ ነድተው ይዩት፤ ኩርባ ላይ አልታዘዝ ካለ ግማሽ ዙር ይመልሱ። ከኋላ ሰው ከጫኑ የኋላው ስለሚሰምጥ ፊቱ ይቀላል፤ ያኔ መጀመሪያ የሚነካው የኋላው ሞላ ነው።

የእኔ ሁለት ዙር ላይ ቆመ። አሁን አሞርዛተሩ ላይ በማርከር ሁለት መስመር አለ፤ ቀዩ የእኔ፣ ጥቁሩ የእሱ። ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ቀለበቱን ሳይመልስ በእኔ መስመር ነድቶ መጣና «ኩርባው ላይ አስቸገረኝ» አለ።

«ፈርተህ ነው» አልኩት።