ፓምፑን ከመለወጣችን በፊት

ከእናንተ መካከል የራሱ አውቶሞቢል ያለው ሰው ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ራሴ የለኝም። ነገር ግን ተማሪም ሆነ የመንግሥት ሠራተኛ በሚኒባስና በአውቶቡስ ዳገት መውጣቱ አይቀርምና፣ «መኪናው ፈላ፤ ውረዱ!» የሚለውን ቃል ያልሰማ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚሁ ስለ መፍላት ነው። ደግሞም አንድ መምህር በጠመኔ የሚያውቀውን ነገር በመንገድ ላይ እንዴት እንደ ሳተው እነግራችኋለሁ፤ መምህሩም እኔ ነኝ።

ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ጧት፣ ተማሪዎቼን በኪራይ ሚኒባስ ጭኜ ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ ተነሣሁ። ቡይት ራስ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ የስሜን ገደል ከፊቱ ተዘርግቶ፣ ጭላዳው በመንጋ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ የሚታይበት ስፍራ ነው። ስፍራው ግን እንዲህ በቀላሉ አልተገኘልንም። ዳገቱን ከጀመርን ብዙም ሳንሄድ የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ተጠጋ፤ ቀጥሎም ከሞተሩ ነጭ እንፋሎት ወጣ። ወረድን።

ረዳቱ አሥራ ስድስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ነበር። ጨርቅ በእጁ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲያጎነብስ፣ ሾፌሩ «ተው! እንዳትነካ!» ብሎ በትከሻው ያዘውና ወደ ኋላ ጎተተው። ልጁ ቅር አለው፤ ነገር ግን ፊቱን ያተረፈለት ያ ጩኸት ነው። ምክንያቱን ወደ ታች አስረዳለሁ።

ሞተሩ እስኪበርድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሳለ ሾፌሩ ወደ እኔ ጠጋ አለ። አባቴ የሚሆን ሰው ነው።

«መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለኝ። «የውሃ ፓምፕ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ለወጥሁ። አሁን አንድ ነጋዴ በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ አለ፤ እሱን ብታስገባ ዳግመኛ አትፈላም ይለኛል። ዋጋው የዕቁቤን ገንዘብ በሙሉ የሚበላ ነው። ላድርገው ወይስ ልተወው?»

ተማሪዎቼ ጆሮአቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። እኔም በኮሌጅ የተማርሁት ፊዚክስ ገና ከራሴ አልወጣም ነበርና፣ ከመሬት ጭራሮ አንሥቼ በአፈሩ ላይ ሥዕል እየሣልሁ አስረዳሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ከሚያገኘው ሙቀት ከሦስት አንዱ እጅ ያህል ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል። ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፤ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፤ ተመልሶም ወደ ሞተሩ ይገባል። ይህን ዙር የሚያዞረው ፓምፑ ነው። የተለመደው ፓምፕ የሚዞረው ከሞተሩ ጋር በተያያዘ ቺንጋ ስለ ሆነ፣ ሞተሩ ሲፈጥን ይፈጥናል፤ ሞተሩ ሲያዘግም ያዘግማል። እንግዲህ ዳገት ላይ ሾፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ በከፍተኛ ማርሽ እያስጨነቀ ቢወጣ፣ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ከባድ ሸክም ይሸከማል። ሙቀቱ በዛ፤ ፓምፑ ግን ዘገመ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ፓምፕ የሞተሩን ፍጥነት አይጠብቅም፤ ሙቀቱ በጠየቀው መጠን ይዞራል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለጥቂት ደቂቃ ሊሠራ ይችላል፤ ይህም ትልቅ ጥቅም ነው፤ ምክንያቱም የጋለ ሞተር በድንገት ሲጠፋ ውሃው ይቆማል፣ ብረቱ ያጠራቀመው ሙቀት ግን በቆመው ውሃ ላይ ይወርድበታል።

«ስለዚህ ይግዙት» አልሁ። ተማሪዎቼ አደነቁኝ። እኔም ራሴን አደነቅሁ።

የተናገርሁት ሁሉ እውነት ነበር። ስሕተቴ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ተነሥቼ የሞተሩን መክፈቻ ከፍቼ አለማየቴ ነው።

ሾፌሩ ዕቁቡን ሊያወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ደባርቅ ላይ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ጎራ አለ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አይቶ ጠራኝና አብሬ ቆምሁ። ሽማግሌው ስለ ኤሌክትሪክ ፓምፑ ሲነገራቸው አልሳቁም፤ አልተቃወሙምም። «እስኪ መጀመሪያ ይሙቅ» አሉ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አጠፉትና መዳፋቸውን በራዲያተሩ ፊት ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉ። ላዩ ይፋጃል፤ ከታች በኩል ግን ግማሽ ያህሉ ቀዝቃዛ ነበር። ውሃ የሚያልፍበት ቢሆን ኖሮ ይሞቅ ነበርና፣ ቀዝቃዛው ክፍል በደለል ተደፍኗል ማለት ነው። ሾፌሩ ውሃ ባነሰ ቁጥር ከወንዝ እየቀዳ ይሞላ ነበር። ቺንጋውን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት፤ ላልቷል፤ ሆዱም እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። መኪናው በርዶ ክዳኑ ሲከፈት ደግሞ፣ ውስጡ ያለው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ወደ እኔ ዞር ብለው «መምህር፣ አፍንጫው ለታፈነ ሰው ሳንባ አይለውጡለትም፤ አፍንጫውን ይጠርጉለታል» አሉኝ።

ሦስቱ ፓምፖችም ለምን እንደ ሞቱ ያን ጊዜ ገባኝ። ደለሉ እንደ አሸዋ ወረቀት ሆኖ የፓምፑን ጎማ ይበላዋል። አራተኛው በባትሪ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ እሱም በዚያው ጭቃ ውስጥ ሊዞር ነበር። የዕቁቡ ገንዘብ የሚከፍለው ለዚህ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ስለ ክዳኑ ግን ጥቂት ልጨምር፤ የደጋ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባልና። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ቶሎ ይፈላል። ጎንደር ላይ 93 ዲግሪ ገደማ፣ ቡይት ራስ ላይ 89 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። የብዙ መኪና ቴርሞስታት ደግሞ ለውሃው በር የሚከፍተው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። እንግዲህ ክዳኑ ግፊት የማይዝ ከሆነ፣ በዚያ ከፍታ የሞተሩ ጤነኛ ሙቀትና የመፍያው ሙቀት የሚለያዩት በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ደኅና ክዳን ግን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ፣ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። ልጁ ሊከፍተው የነበረው ይህን ነው፤ የታፈነው ግፊት ድንገት ሲለቀቅ ውሃው ባንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። የፈላ መኪና ክዳን በባዶ እጅም በጨርቅም አይነካም፤ የጎማ ቱቦው በእጅ ሲጨብጡት እስኪለሰልስና እስኪበርድ ይጠበቃል።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። በቡይት ራስ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ ይልቅ ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው ነፋስ የሚወስደው ሙቀት በዚያው መጠን ይቀንሳል። ይህን ደግሞ የትኛውም ፓምፕ አያድነውም፤ ፓምፕ ውሃ ያዞራል እንጂ አየር አያወፍርምና።

ታዲያ የኤሌክትሪኩ ፓምፕ ከንቱ ነውን? አይደለም። እንዲያውም ዘመኑ ወደ እሱ እያዘነበለ ነው። የጥንቱ ፎርድ ሞዴል ቲ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች በቀር፣ ፓምፕ አልነበረውም፤ የሞቀው ውሃ ወደ ላይ፣ የቀዘቀዘው ወደ ታች እየሄደ በራሱ ይዞር ነበር። ከዚያ በቺንጋ የሚዞረው ፓምፕ ነገሠ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሦስተኛው ቶዮታ ፕሪየስ ግን ቺንጋውን ጨርሶ ትቶ በኤሌክትሪክ ፓምፕ መጣ። በአገራችንም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ከሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ባትሪያቸውንና ሞተራቸውን የሚያቀዘቅዙት በዚሁ ዓይነት ፓምፕ ነው። የነዳጅ መኪና ያለው ሰው ደግሞ አሮጌውን ጠግኖ ማቆየቱ ስለማይቀር፣ «ፓምፑን ልለውጥ?» የሚለው ጥያቄ ገና ይበዛል።

ስለዚህ ራዲያተሩ ንጹሕ፣ ክዳኑ ደኅና፣ ነፋስ ሰጪው የሚዞር ሆኖ ሳለ፣ ዳገት ላይ በዝግታ እየሄደ የሚፈላ መኪና ያለው ሰው ፓምፑን ቢለውጥ አልነቅፈውም። ነገር ግን እነዚህን ይወቅ። አዲሱ ፓምፕ ከራዲያተሩ በታችኛው ቱቦ ላይ፣ አየር በማይቋጥርበት ዝቅተኛ ስፍራ ይገባል። የድሮው ፓምፕ ውሃ የሚገፋው መዘውሩ ይነሣለታል፤ አካሉ ግን ብዙ ጊዜ በቦታው ይቀራል፤ ቺንጋው ዲናሞውን ወይም ሌላ ነገር ሊያዞርበት ይችላልና። ቴርሞስታቱ የሚወጣው ሙቀት እየለካ ፓምፑን የሚያፈጥንና የሚያዘገይ መቆጣጠሪያ ሲተካለት ብቻ ነው፤ እንዲሁ አውጥቶ መጣል ሞተሩን በብርድ ያስሠራዋል፣ ነዳጅም ያስበላዋል። ሽቦው የራሱ ፊውዝ ይኑረው፤ ከሾፌሩ ፊትም ማስጠንቀቂያ መብራት ይተከል።

ይህ የመጨረሻው ቃል ዋና ነው። በቺንጋ የሚዞረው ፓምፕ ሊሞት ሲል ይናገራል፤ ከሥሩ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ኩሽኔቱ ይጮኻል። የኤሌክትሪኩ ግን ሽቦው ቢላቀቅ ወይም ፊውዙ ቢቃጠል ዝም ብሎ ይቆማል። ሞተሩ እየሠራ፣ መንገዱ እየሄደ፣ ውሃው ግን ቆሟል። መርፌውን የማያይ ሾፌር ነገሩን የሚያውቀው ቴስታታው ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ገንዘቡ ለሌለውስ? ለእሱ ደግሞ ምንም የማያስከፍል መድኃኒት አለ፤ ማርሽ መቀነስ። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ፈጥኖ ይዞራል፤ ፓምፑም አብሮት ይፈጥናል። መርፌው መውጣት ሲጀምርም፣ ውሃው ገና ካልፈሰሰ፣ ቆሞ ሞተሩን ሳያጠፉ ለጥቂት ጊዜ ያለ ጭነት ማስዞር ይጠቅማል። ውሃው ከፈሰሰ ግን ወዲያው ማጥፋት ነው።

ሽማግሌው መካኒክ ራዲያተሩን አውርደው አጠቡት፤ ቺንጋና ክዳን ለወጡ። ሾፌሩ የከፈለው ገንዘብ ከዕቁቡ ጥቂቱ ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ እነዚያኑ ተማሪዎች ይዤ እንደገና ወጣን። ዳገቱ ላይ ሾፌሩ ማርሽ ሲቀንስ ተማሪዎቼ ሁሉ አንገታቸውን አስግገው መርፌውን ያዩ ነበር። መርፌው ከመካከል ሳይነቃነቅ ቡይት ራስ ደረስን። ረዳቱም ልጅ ወርዶ ከፊት ቆመና ክዳኑን ሳይነካ በሩቁ አየው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ከእናንተ ምክር የሚጠይቅ ሰው ይመጣል። «የተማሩ ነዎት» ብሎ የዕቁቡን ገንዘብ በቃላችሁ ላይ ያስቀምጣል። ያን ጊዜ የምታውቁትን ከመናገራችሁ በፊት ተነሥታችሁ መክፈቻውን ክፈቱ፤ በመዳፋችሁም ዳስሱ። እኔ በአፈር ላይ የሣልሁት ሥዕል ትክክል ነበር፤ ሥዕሉ ግን የሰውየውን መኪና አይመስልም ነበር።