ሽጉጥ የታጠቀ ተማሪ፣ ምላሱን ያጠፈ መምህር

እንዲያው ለመሆኑ አንድ መምህር ክፍል ሲገባ ከፊቱ ከተደረደሩት ተማሪዎች የትኛው ኮቱ ስር ሽጉጥ እንደሻጠ ባያውቅ እንዴት አድርጎ ያስተምራል? ነገሩ የፊልም ታሪክ አይደለም። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ሕግ ነው። የግዛቱ ገዥ ግሬግ አቦት የሴኔት ሕግ ቁጥር 11 የተባለውን እ.አ.አ. በ2015 ፈረሙት፤ ያውም የተፈረመው በተኩስ መለማመጃ ቤት ውስጥ ነው!

ሕጉ ፈቃድ ያለው ሰው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ክፍል ውስጥም ጭምር፣ ሽጉጡን ደብቆ እንዲይዝ ይፈቅዳል። ሥራ ላይ የዋለው ኦገስት 1 ቀን 2016 ነው። ልክ ከ50 ዓመት በፊት፣ ኦገስት 1 ቀን 1966፣ ቻርልስ ዊትማን የተባለ ተማሪ በኦስቲን የዩኒቨርሲቲው ማማ ላይ ወጥቶ ከአሥር በላይ ሰዎች ገድሏል። የሕጉ ደጋፊዎች «ያን ዕለት እኮ ሲቪሎች ጠመንጃቸውን አምጥተው ወደ ማማው በመተኮስ ገዳዩን መፈናፈኛ አሳጥተውታል» ይላሉ። እውነት ነው፣ አይካድም። ነገር ግን ሕጉን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ የዩኒቨርሲቲዎቹ የበላይ ኃላፊ ዊልያም ማክሬቨን ነበሩ። ሰውዬው ኦሳማ ቢን ላደን የተገደለበትን ዘመቻ የመሩ አድሚራል ናቸው። ጠመንጃ አያውቁም ሊባሉ ነው?

ሌላም ጉድ አለ። የግል ዩኒቨርሲቲዎች ሕጉን «አንፈልግም» የማለት መብት ተሰጣቸው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም አንፈልግም አሉ። የመንግሥት ኮሌጆች ግን ምርጫ የላቸውም። ከ2017 ጀምሮ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችም ገቡበት። በዳላስና በሂዩስተን የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን የሚልኩት ወደየትኞቹ እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

እኛን ይበልጥ ያስደነገጠን ግን በ2016 በሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ለመምህራን የተሰጠው ምክር ነው። አወዛጋቢ ጉዳይ ስታነሱ ተጠንቀቁ፣ አንዳንድ ርዕሶችን ከትምህርቱ ብታወጡ ይሻላል፣ ተማሪው ሲቆጣ ካያችሁ ነገሩን ተዉት የሚል ነበር። አንዲት ጥይት ሳትተኮስ መምህሩ አፉን ዘጋ ማለት ነው። ሦስት የኦስቲን መምህራን ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2018 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፍርሃታቸው በግምት ላይ የቆመ ነው ብሎ ዘጋባቸው።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ይኖራል። እኛ አገር ተማሪ ሽጉጥ ይታጠቅ ብሎ የጠየቀ የለም። ግቢያችን ውስጥ ጠመንጃ ይዞ ሲገባ የኖረው መንግሥት ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1962 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ ወታደሮች ስድስት ኪሎ ገብተው፣ በጥላሁን ግዛው አስከሬን ዙሪያ በተሰበሰቡ ተማሪዎች ላይ ተኮሱ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. ሌላ መንግሥት በሌላ ትውልድ ላይ ተኮሰ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ» የሚል ነበር። መልሱ ዱላና ጥይት ሆነ፤ ከተማዋ ታምሳ ከ30 በላይ ሰው ሞተ።

በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው ተማሪ ተማሪን በዘር እየለየ ሲገድል ፌዴራል ፖሊስ ተሰማራ። ያኔ ፖሊስ ይግባልን ብለው ያለቀሱ ወላጆችን አንወቅስም። ልጁ በሬሳ ሣጥን የመጣለትን ሰው ስለ አካዳሚክ ነጻነት ማን ደፍሮ ያስተምረዋል?

ይሁንና ቴክሳሶች መጥፎም ቢሆን ሕጋቸውን በአደባባይ ተከራክረውበታል። መምህራኑ መንግሥትን ከሰው፣ ተሸንፈው፣ ተመልሰው ክፍላቸው ገብተዋል። እኛ ዘንድ ስለ ግቢው ጠመንጃ እንዲህ ያለ ክርክር መቼ ሰማን? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ተከትሎ ራስ ገዝ ሆኗል። ደግ ነው። እንግዲያው ታጣቂ በስድስት ኪሎ በር ሲገባ የሚጠራው ማን ነው? የሚያዘውስ? በስንት ቀን ውስጥ ይወጣል? ተማሪ ቢጎዳ ፍርድ ቤት የሚቆመው ማን ነው? ፓርላማው ይህንን በግልጽ ስብሰባ ይከራከርበት፤ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንትም መልሳቸውን በጽሑፍ አውጥተው በሩ ላይ ይለጥፉልን።