ስልኩን ከመቀማታችሁ በፊት የሚነበቡ



ባለፈው ስለ ልጆች እንቅልፍ ከጻፍኩ በኋላ ኢንቦክሴን አንድ ጥያቄ ሞልቶታል። «ዶክተር፣ ልጄ ከጌም አልላቀቅ አለኝ፤ ስለዚህ ጉዳይ የሚነበብ ነገር ካለ ጠቁመን» የሚል ነው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች እናቶች ናቸው። አንዳንዶቹ መልእክቱን የላኩት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። (እናንተስ በዚያ ሰዓት ስልክ ላይ ምን ትሠራላችሁ ብዬ አልጠየቅኩም።)

የምመክረውን ንባብ እነግራችኋለሁ። በቅድሚያ ግን የራሴን አንድ ጥፋት ላውራ፤ ምክንያቱም እነዚህን ነገሮች ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እዚሁ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ስሠራ፣ አንዲት እናት የ15 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ።) «ዶክተር፣ ይሄ ልጅ አልቆብኛል። ሌሊቱን ሙሉ ጌም ነው። አይበላም፣ አይተኛም፤ ጎበዝ ተማሪ የነበረው ልጅ ዘንድሮ ሊወድቅብኝ ነው» አለችኝ። ልጁ አቀርቅሮ መሬት መሬት ያያል። ውጭ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። ደም ግፊቱን ለካሁ፣ ዓይኑን አየሁ፣ ከዚያ በልበ ሙሉነት «እህቴ፣ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስልኩን ይቀሙት» አልኳት። ሁሉም ነገር 10 ደቂቃ አልፈጀም።

ከ5 ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። ስልኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ልጁ ግን ጭራሽ ትምህርት ቤት መሄድ አቁሟል፤ ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። በዚያን ጊዜ ነው እናትየውን ውጭ እንድትጠብቅ ጠይቄ ልጁን ለብቻው ያናገርኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ እያለ ነገረኝ። አብሮት ያደገው ጓደኛው ቤተሰቡ ዲቪ ደርሷቸው አሜሪካ ገብቷል። ሁለቱ የሚገናኙት ጌሙ ውስጥ ነበር፤ ያኛው ከትምህርት ቤት ሲመለስ እዚህ እኩለ ሌሊት ነው። ድብርቱ ደግሞ የጀመረው ሌሊት መጫወት ከመጀመሩ በፊት ነው። ድሮ የሚወደው ኳስ እንኳን አስጠልቶታል። «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብም መጥቶበት ያውቃል። እኔ ያዘዝኩለት «ሕክምና» የቀረውን አንድ ጓደኛ መቀማት ነበር።

ወደ አእምሮ ሐኪም ላክሁት፣ ታከመ፣ ዛሬ ደህና ነው። ግን የተረፈው በእኔ ብልህነት አይደለም፤ እናቱ ተስፋ ሳትቆርጥ ስለመለሰችው ነው።

ስለዚህ ወደ ንባቡ። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ አብዛኞቹ ጽሑፎች የእንግሊዝኛ ናቸው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ እንኳን አይደለም፤ በጣም አጭር ጽሑፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች ምደባ፣ አይሲዲ 11 የሚባለው፣ «ጌሚንግ ዲስኦርደር» የተባለ የጤና ችግር አካትቷል። ከድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይነበባል። ሦስት ነገር ይላል። ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር አቅቶታል፣ መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚያቆም ራሱ አይወስንም። ጨዋታው ከሌላው የሕይወቱ ጉዳይ ሁሉ ቀድሟል። እየጎዳው እንደሆነ እያየም ይቀጥላል፣ ወይም ያብሳል። ይህ ሁሉ በትምህርቱ፣ በቤተሰቡ ወይም በሥራው ላይ ከባድ ጉዳት ማድረስ አለበት፤ በአብዛኛውም 12 ወር ያህል የቆየ መሆን አለበት፤ ምልክቱ በጣም ከባድ ከሆነ ግን አጭር ጊዜም ሊበቃ ይችላል።

ልብ በሉ፣ የሰዓት ቁጥር የለበትም። «በቀን 3 ሰዓት የተጫወተ ሱሰኛ ነው» የሚል ነገር አታገኙም። በሰፈራችን «ሱስ» የሚለው ቃል በጣም ረክሷል፤ ቅዳሜና እሁድ ጌም የሚጫወተውንም ልጅ፣ በእውነት የታመመውንም ልጅ በአንድ ስም ነው የምንጠራቸው። (የሰዓት ቁጥር የተቀመጠው ለሕፃናት ነው። ድርጅቱ በዚያው በ2019 ባወጣው ሌላ መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉት ስክሪን አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ለማስበላት ሲባል ዩቲዩብ የምትከፍቱ ወላጆች ይህቺን ቅንፍ ሁለት ጊዜ አንብቧት።)

ሁለተኛው የዴቪድ ሄይዱ «ዘ ቴን ሴንት ፕሌግ» ነው፤ የታተመው በ2008 ነው። ስለ ጌም አይደለም። አሜሪካኖች በ1940ዎቹና በ50ዎቹ ስለ ኮሚክ መጻሕፍት፣ በሥዕል ስለሚነገሩት የልጆች ታሪኮች፣ እንዴት እንደተሸበሩ ይተርካል። ኮሚክ በየከተማው እየተሰበሰበ እስከ መቃጠል ደርሶ ነበር። ይህን መጽሐፍ የወደድኩት የሽብሩ ዋና ድምፅ የእኔው ሙያ ሰው ስለነበረ ነው። የአእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ወርዘም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኒው ዮርክ ሃርለም ውስጥ ለድሃ ጥቁር አሜሪካውያን በርካሽ የሚያክም ክሊኒክ ካቋቋሙት አንዱ ነው። በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ግን ልጆችን ወደ ወንጀል ከሚመሩት ነገሮች አንዱና ትልቁ ኮሚክ ነው አለ። ሴኔት ፊት ቀርቦ መሰከረ። በዚያው ዓመት አሳታሚዎቹ ራሳቸውን በራሳቸው ሳንሱር የሚያደርጉበትን ደንብ አወጡ።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። የወርዘም የግል ማስታወሻዎች ከብዙ ዓመት በኋላ ለተመራማሪዎች ሲከፈቱ፣ ካሮል ቲሊ የተባለች ምሁር ከመጽሐፉ ጋር አስተያየቻቸው። በ2012 ያወጣችው ጥናት ሐኪሙ የልጆቹን ቃል እንደለዋወጠ፣ ቤታቸው ውስጥ የነበረውን ሌላ ችግር እየዘለለ ኮሚኩን ብቻ እንደጻፈ ያሳያል። ይህን ሳነብ ላብ አጠመቀኝ። እኔ የማንንም ቃል አልቀየርኩም፤ ግን ከእናትየው አፍ «ጌም» የሚለውን ከሰማሁ በኋላ ሌላ ነገር መጠየቅ አቁሜ ነበር። ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

እኛም አገር እኮ ተመሳሳይ ነገር አይተናል። የእኔ ዕድሜ ሰዎች ቪዲዮ ቤትን ታስታውሳላችሁ? እናቴ እዚያ የገባ ልጅ ሌባ ሆኖ ነው የሚወጣው ትል ነበር። ጆተኒውም ከዚያ አልተሻለም።

ሦስተኛው አሁን በሰው ሁሉ አፍ ያለው የጆናታን ሃይት «ዘ አንክሸስ ጄኔሬሽን» ነው፤ በ2024 ነው የወጣው። ስማርት ስልክና ሶሻል ሚዲያ የወጣቶችን አእምሮ ጤና አናግተዋል ይላል። አንብቡት፣ ግን ብቻውን አታንብቡት። ካንዲስ ኦጀርስ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ በዚያው ዓመት «ኔቸር» መጽሔት ላይ የጻፈችውን ትችት ከጎኑ አድርጉ፤ ማስረጃው መንስኤውን አያረጋግጥም ትላለች፤ የተጨነቁ ልጆች ናቸው ስልክ ላይ የሚበዙት ወይስ ስልኩ ነው ያስጨነቃቸው? ኤሚ ኦርበንና አንድሩ ፕሺቢልስኪ በ2019 ከ355,000 በላይ ወጣቶችን መረጃ መርምረው ያገኙት ደግሞ፣ በወጣቶች መካከል ከሚታየው የደህንነት ስሜት ልዩነት ውስጥ ከዲጂታል ቴክኖሎጂ ጋር የሚያያዘው ቢበዛ 0.4 በመቶ ነው። ድንች ከመብላት ጋር ካለው ዝምድና ብዙም አይርቅም ብለው ማወዳደራቸው ብዙ ሰው አስቋል፣ ብዙ ሰውም አናዷል።

የእኔ አስተያየት? 0.4 በመቶው አማካይ ነው፤ በዚያ አማካይ ውስጥ ክፉኛ የሚጎዳ ልጅም፣ የሚጠቀም ልጅም አለ። ስለዚህ ቁጥሩን ይዤ «አይዟችሁ፣ ምንም የለም» አልላችሁም። ሃይት ላይ ደግሞ አንድ ቅሬታ ያለኝ በእሱ ሳይሆን በአንባቢዎቹ ነው። መጽሐፉ አራት ምክሮች አሉት፦ ሁለተኛ ደረጃ ሳይደርሱ ስማርት ስልክ አለመስጠት፣ ከ16 ዓመት በፊት ሶሻል ሚዲያ አለመፍቀድ፣ ትምህርት ቤቶችን ከስልክ ነፃ ማድረግ። እነዚህን ሦስቱን ሁሉም ወላጅ በቃሉ ይዟቸዋል። አራተኛው ግን ልጆች ያለ ጠባቂ ውጭ የሚጫወቱበትን ዕድል መልሱላቸው ይላል። እሱን የሚያነሳልኝ ሰው የለም።

እስቲ ቦሌ ላይ አስቡት። ከመድኃኔዓለም ጀርባ ባሉት መንደሮች ኳስ የሚመታበት ባዶ ቦታ ስንት ቀርቷል? ሁሉም ፎቅ ሆኗል፤ ያልሆነውም መኪና ማቆሚያ ነው። አፓርታማ ውስጥ የሚያድግ ልጅ ግቢው ሲሚንቶ ነው፣ ዘበኛው «አትሩጥ» ይላል፣ መንገዱ መኪና ነው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሞል ወስዶ ማጫወት ለብዙ ቤተሰብ ኪስን ይፈትናል። እና ስልኩን ስንቀማው የት ሂድ እያልነው ነው? ለእሱ ጌሙ ሜዳው ነው፤ ጓደኞቹ ያሉት እዚያ ነው። ይህ ስልኩን ልቀቁለት ማለት አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን የምትወስዱበት ሜዳ፣ ወይም የአክስት ልጅ ያለበት ግቢ፣ ሳታዘጋጁ አትቀሙ ማለቴ ነው።

አሁን ደግሞ ጨከን የምልበት ጉዳይ። አንትሮፖሎጂስቷ ናታሻ ዳው ሹል በ2012 ያሳተመችው «አዲክሽን ባይ ዲዛይን» ስለ ላስ ቬጋስ የቁማር ማሽኖች ነው። ቁማርተኞቹ ለማሸነፍ ብቻ ሳይሆን ማሽኑ ፊት ለመቆየት ብለው እንደሚጫወቱ፣ ሌላው ዓለም የሚጠፋበትን ስሜት እንደሚፈልጉ ነግረዋታል። ማሽኑም፣ ወንበሩም፣ ድምፁም ለዚያ ተብሎ ነው የተሠራው። ይህን ካነበባችሁ በኋላ የልጃችሁን ስልክ በሌላ ዓይን ታያላችሁ። ብዙ ጌሞች ውስጥ በገንዘብ የሚገዛ፣ ሳይከፈት ምን እንዳለበት የማይታወቅ ሳጥን ወይም ፓኬት አለ። ልጆቻችን አሁንም «ፊፋ» በሚሉት የኳስ ጌም ተጫዋች የሚገኝበት ፓኬት እንደዚያ ነው። ቤልጂየም በ2018 እንዲህ ያለውን ሳጥን ቁማር ነው ብላ አገደች፤ የፊፋ ጌም አምራቹም በ2019 መጀመሪያ ላይ ፓኬት የሚገዛበትን ገንዘብ እዚያ አገር መሸጡን አቆመ።

እኛ ጋ ፕሌይስቴሽን ቤቱ በር ላይ ቆማችሁ ጎረቤቱን ብታዩ ቤቲንግ ቤት የምታገኙበት ሰፈር አለ። ፓኬት ከፍቶ «ምን ይወጣልኝ ይሆን» የሚለው የልብ ምት፣ ትኬት ቆርጦ ውጤት ከመጠበቁ ጋር አንድ ዓይነት ነው። እኔ ልጁ ስንት ሰዓት ተጫወተ ከሚለው ይልቅ ብር ይከፍልበታል ወይ የሚለው ያስጨንቀኛል። በእናቱ ቴሌብር ፒን የሚጫወት የ13 ዓመት ልጅ ካለ፣ እሱ ላይ «እናያለን» የለም፤ ፒኑን ዛሬ ቀይሩ። የተቆጣ ልጅ ይረጋጋል፤ ቁማር የለመደ ልጅ ግን ብዙ ሥራ ነው።

ጌም የፈረንጅ ነገር ነው ለሚሉ አባቶች ደግሞ አንድ የቆየ ጽሑፍ አለኝ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ስለ ገበጣና ስለ መሰሎቹ ጨዋታዎች ረጅም ጥናት አሳትሟል፤ ስንት ዓይነት ገበጣ በየአካባቢው እንዳለ ስታዩ ትገረማላችሁ። በዚያው ዓመት ስለ ሰንጠረዥም፣ ማለትም ስለ እኛው ቼዝ፣ ጽፏል። ሰንጠረዥ ሲጀመር ወረራ የሚባል ምዕራፍ አለው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። የዛሬዎቹ ልጆች ይህን ቢያውቁ ይወዱታል። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ ጠይቁ።

ከልጆቹ ጋር አብሮ ለማንበብ ደግሞ «ጀምበር» አለ። በኢታን ኮሚክስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣ የኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ታሪክ ነው። ጌም ካልቀረ ደግሞ የቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን አውርዱ፤ ከመታረድ የምታመልጥ ዶሮ ናት የምታሯሯጡት። አብራችሁ ተጫወቱ። እኔ በፊፋ በእህቴ ልጅ 6 ለ 0 ተሸንፌአለሁ፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት ስለ ትምህርት ቤቱ የነገረኝ፣ በዓመት ውስጥ ምሳ ላይ ከነገረኝ ይበልጣል።

አሁን ጌም ብሎ የሚመጣ ወላጅ ሲገጥመኝ ልጁን ለብቻው አስቀምጬ ሦስት ነገር እጠይቀዋለሁ፦ ከማን ጋር ነው የምትጫወተው? ከዚህ በፊት ምን ደስ ይልህ ነበር፣ እሱስ አሁን ደስ ይልሃል? ሌሊት የምትነቃው ለመጫወት ነው ወይስ እንቅልፍ እምቢ ስላለህ? ሁለተኛውን ጥያቄ «አይ፣ ምንም ደስ አይለኝም» ካለኝ፣ ስለ ስልኩ ማውራት አቆማለሁ።

ልጃችሁ ስለ ሞት ካወራ፣ ራሱን ከጎዳ፣ ወይም ለሁለት ሳምንት ያህል ከሰው ተለይቶ የሚወደውን ሁሉ ከተወ፣ ጽሑፍ እያነበባችሁ አትቆዩ። ስለ ሞት ካወራ ወይም ራሱን ከጎዳ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት፤ ብቻውንም አትተዉት። አማኑኤል ስሙ የሚያስፈራችሁ ከሆነ በሌሎች ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

ልጃችሁ አሁን የሚጫወተውን ጌም ስም ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ገንዘብ የሚያስከፍሉትን ለይቼ በሚቀጥለው እመለስበታለሁ። ስሙን የማታውቁት ከሆነ ማታ ራት ላይ ጠይቁት።

ቸር ሰንብቱ።