እንቅልፍም ሐቅ አለው



ፋይናል ደርሷል። የዶርሙ መብራት አይጠፋም፤ ላይብረሪ ውስጥ ወንበር በደብተር ይያዛል። ጭንቀቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ውጤቱ ከ2.00 በታች የወረደ ተማሪ ማስጠንቀቂያ ወይም መባረር ይጠብቀዋል። ተመራቂውም ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በመውጫ ፈተናው 50 ከመቶ ካላመጣ ዲግሪውን አይቀበልም። ዝዋይ ወይም አርሲ ነገሌ ቁጭ ብላ የልጇን መመረቂያ ቀን የምትቆጥር እናትም አለች። ስለዚህ «አትጨነቁ» ብዬ አላልፋችሁም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ለጭንቀታችን መድኃኒት ብለን እንቅልፋችንን አንስረቅ።

ይህ ስርቆት ብዙ ጊዜ ጫትን ይዞ ይመጣል። አዳማ የአወዳይ ጫት የሚያልፍባት ከተማ ናት፤ በሻሸመኔ በኩል ደግሞ የወንዶው አለ። በሌላ ጊዜ በጫት ቤት ደጃፍ የማያልፍ ተማሪ እንኳ በፋይናል ሰሞን «ለጥናት ብቻ ነው» ብሎ በርጫ ላይ ይቀመጣል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል አነቃቂ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው የጫት አይሱዙዎች በሐረር መንገድ እንደዚያ የሚከንፉት። ይህ አነቃቂ ድካምን ይደብቃል እንጂ አያስወግድም። ምርቃና ላይ ሁሉም ነገር የገባን ይመስለናል። ነገር ግን ያነበብነው በአእምሯችን ውስጥ የሚረጋው በአብዛኛው ስንተኛ ነው። ሳይተኙ ማንበብ በወንፊት ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

ከዚያ ማግስቱ ይመጣል፤ ዱካኩ፣ ድብርቱ፣ ባዶ ሆድ ይዞ ፈተና ክፍል መግባቱ። ከሁሉም የሚከፋው ግን ሌላ ነው። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሲቅም የቆየ ሰው ሱብሒ ሲገባ ገና ዓይኑን መክደኑ ነው። የአላህን እርዳታ ከመቼውም በላይ የምንለምንበት ሳምንት ሱብሒ የሚያመልጠን ሳምንት ይሆናል።

ስለ ጫት በሀገራችን ብዙ ክርክር አለ። በሐረርጌም በወሎም ለዱዓ ተሰብስበው የሚቅሙ አባቶች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ሑክሙን ለዑለማዎች ልተው። የእኔ ጥያቄ የተማሪ ጥያቄ ነው፦ ለተባለለት ጥናትስ ይጠቅማል ወይ? «እኔ አልቅምም» የምንል እህቶችና ወንድሞችም ነፃ አይደለንም። ማታ በላይ በላዩ የምንጠጣው ቡናና እስከ እኩለ ሌሊት የማይዘጋው ቴሌግራም ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ወንድሙን አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ) ሊዘይር የሄደበትን ታሪክ ቡኻሪ ዘግበውታል። አቡ ደርዳእ ቀኑን የሚጾም፣ ሌሊቱን ለሶላት የሚቆም ሰው ነበር። በሌሊቱ መጀመሪያ ሊነሣ ሲል ሰልማን «ተኛ» አለው፤ ደግሞ ሊነሣ ሲል አሁንም አስተኛው። የሌሊቱ መጨረሻ ሲደርስ ቀስቅሶት አብረው ሰገዱ። ከዚያም ጌታውም፣ ነፍሱም፣ ቤተሰቡም በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው ነገረው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ ሰልማን እውነቱን መናገሩን መሰከሩ። ለዒባዳ የሚቆም ሰሓባ «ተኛ» ከተባለ፣ ለካልኩለስ ሲል የሚያድረው ምን ሊባል ነው?

ሰልማን የሌሊቱን ሶላት አላስቀረም፤ ሰዓቱን ነው ያስተካከለው። እኛም ጥናቱን መተው አይጠበቅብንም። ዒሻእ ከሰገድን በኋላ የያዝነውን ጨርሰን ማታ 4 ሰዓት ብንተኛና ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ብንነሣ ስድስት ሰዓት ተኩል ተኝተናል ማለት ነው። ሁለት ረከዓ፣ ዱዓ፣ ሱብሒ፤ ከዚያ የአዳማ ሙቀት ሳይበረታ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ጸጥ ያለ የጥናት ጊዜ አለን። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲያቃጥል ሃያ ደቂቃ ቀይሉላ እንውሰድ። ቡናውም ከዐስር በፊት ቢቆም ይሻላል፤ የካፌይኑ ግማሽ ከሰውነታችን እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል።

«ገና አራት ቻፕተር ይቀረኛል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ቀድሞ ያልተሠራን ሥራ እንቅልፍ አይሠራውም። ግን ሳይተኙ አራቱንም ከመግረፍ ዋና ዋናውን መርጦ፣ የቆዩ ፈተናዎችን ሠርቶ፣ ያልገባውን የገባውን ጠይቆ መተኛት ያዋጣል።

እዚህ ላይ የጀመዓው ድርሻ ይመጣል። ሲኒየሮች ከዐስር በኋላ አንድ አንድ ሰዓት ለታናናሾቻቸው ቲቶሪያል ቢሰጡ፣ የዶርም ልጆች ለሱብሒ ቢቀሳቀሱ፣ ለብቻው በርጫ ፍለጋ የሚወጣው ይቀንሳል። አንድ ወንድም ከመስጂድ ሲጠፋም «ኢማኑ ደከመ» ከማለታችን በፊት ውጤቱ አስፈርቶት እንደሆነ እንጠይቀው። ጭንቀቱ ምግብና እንቅልፍ የነሣው ወይም መኖር ያስጠላው ካለ ደግሞ ብቻውን አንተወው። ወደ ግቢው ክሊኒክ ወይም ወደ ምክር አገልግሎት አብረነው እንሂድ። ዱዓ ማድረግ ሕክምናን አይከለክልም፤ ሰበቡን ማድረስም ከተወኩል ነው።

ግሬዱ በአላህ እጅ ነው። እንቅልፋችን ግን በእኛ ዘንድ የተቀመጠ አማና ነው፤ ሐቁን እንስጠው። አላህ ለሁላችንም ጠቃሚ ዕውቀት፣ የተረጋጋ ልብና ያማረ ውጤት ይወፍቀን። አሚን።