የወር ምሳ ኮንትራት ያዋጣል ወይስ ያከስራል?

ወር በጠባ ቁጥር በካዛንቺስና በቂርቆስ ዙሪያ ባሉ ምግብ ቤቶች የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ደንበኛው የወሩን ምሳ አስቀድሞ ከፍሎ ካርድ ይያዝ ወይስ በበላ ቁጥር ይክፈል? ነገሩ የሆድ ጉዳይ ነውና ብዙ ሰው ሒሳብ አይሠራበትም። የምግብ ቤቱ ባለቤት «በኮንትራት ይረክስልዎታል» ሲሉት ኪሱን ይፈታል። ወሩ ሲያልቅ ካርዱ ላይ ምልክት ያልተደረገባቸው አራት አምስት ቀኖች ያገኛል፤ «ምን ይደረግ» ብሎ ሌላ ካርድ ይገዛል። በአንድ ኩንታል ጤፍ ላይ ለሃምሳ ብር ግማሽ ቀን የሚከራከር ነጋዴ፣ በዓመት ሲደመር ቀላል ላልሆነው የምሳ ወጪው እንዲህ እጁን መፍታቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አካባቢው የምሳ ገበያ የሆነው ዛሬ አይደለም። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለ ድርጅት ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» በአፍ ሲንከባለል ካዛንቺስ ሆነ። በ1958 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እዚሁ መቀመጡ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ሒልተን መከፈቱ፣ ኋላም ባንኩ፣ ኢንሹራንሱና የአስመጪው ቢሮ መከታተሉ ቢሮ የሚውለውን ሰው አበዛው። ቢሮ የሚውል ሰው ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ይርበዋል፤ ሆቴል ገብቶ የሚበላው ግን ጥቂቱ ነው።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። ዋጋው እንደየቤቱ ስለሚለያይ የሚከተሉት ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ እርስዎ የራስዎን ያስገቡ። አንድ ምሳ በነጠላ 200 ብር፣ የወሩ ኮንትራት 4,500 ብር ይሁን። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ለሚሠራ ሰው ወሩ 26 የሥራ ቀን ቢኖረውና አንድም ቀን ሳይቀር ቢበላ በነጠላ 5,200 ብር ይከፍል ነበር፤ በኮንትራት 700 ብር አተረፈ። ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ስለሆነ፣ 4,500 ብሩን ባንክ አስቀምጦ በየቀኑ እያወጣ ቢበላ የሚያገኘው ወለድ 13 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ «ገንዘቤ ቀድሞ ታሰረ» የሚለው ሙግት ውኃ አያነሳም። ዋናው ጥያቄ ስንት ቀን ይበላሉ የሚለው ነው። 24 ቀን ከበሉ ትርፍዎ 300 ብር ነው፤ 22 ቀን ከበሉ 100 ብር ከስረዋል። ልዩነቱ ሁለት ቀን ነው! አንድ ለቅሶና አንድ የመስክ ሥራ ትርፉን ጠራርገው ይወስዱታል።

እንግዲህ አንባቢ ራሱን ይመርምር። ከወንበሩ የማይነሳ የባንክ ካሸር ወይም የሒሳብ ሠራተኛ ከሆነ ኮንትራት ያዋጣዋል። ደላላ ከሆነ ግን ምሳውን የሚበላው ከደንበኛው ጋር ነው፤ ውሉ ገርጂ ከተፈረመ ገርጂ፣ መርካቶ ከተፈረመ መርካቶ ይበላል፤ አንዳንዴም ሻጩ ይጋብዘዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የካዛንቺስ የምሳ ካርድ ያልገባበት አውቶቡስ ቲኬት ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጾሙን ነው። ኮንትራቱ በአብዛኛው በአንድ ዋጋ ይሸጣል፤ የፍስኩና የጾሙ ምሳ ግን በነጠላ አንድ ዋጋ የላቸውም። በዚያው ምሳሌ በያይነቱ 150 ብር፣ የፍስክ ምሳ 220 ብር ነው እንበል። ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ሰው ከ26ቱ ቀን 9ኙን በያይነቱ፣ 17ቱን የፍስክ ቢበላ በነጠላ 5,090 ብር ያወጣል፤ ስለዚህ በ4,500 ብር ኮንትራት 590 ብር ይተርፈዋል። ሁዳዴ ሲገባስ? 26ቱም ቀን በያይነቱ ነው፤ በነጠላ 3,900 ብር ብቻ። ያው ሰው ያንኑ ካርድ ሲገዛ 600 ብር ለባለቤቱ በነፃ ሰጠ ማለት ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ስለሆነ ስህተቱ ሁለት ጊዜ ይደገማል። ኅዳር 15 የሚገባው የነቢያት ጾምም ከአርባ ቀን በላይ ነው፤ ነሐሴ ላይ ፍልሰታ አለ። ባለቤቶቹ ይህንን አያውቁም ብሎ የሚያስብ ሰው የዋህ ነው። የጾም ወቅት ኮንትራት በተለየ ዋጋ እንዲቆረጥልዎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ብዙ ሰው ስለማይጠይቅ እንጂ ጠያቂ ሲመጣ ዋጋው ይወርዳል። ሙስሊም ደንበኛም በረመዳን ወር የምሳ ካርዱ ምን እንደሚሆን ከወዲሁ መነጋገር አለበት፤ ሠላሳውን ቀን አንድም ምሳ አይበላምና።

«ዋጋ እየናረ ነው፣ ኮንትራት ከጭማሪ ያድነኛል» የሚሉም አሉ። በ2014 ዓ.ም. ግሽበቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ በነበረ ጊዜ እንኳ ሠላሳው ለአሥራ ሁለት ወር ሲካፈል በወር 2 ከግማሽ በመቶ ገደማ ነው፤ በ200 ብር ምሳ ላይ 5 ብር። የአንድ ወር ኮንትራት ከዚህ ያለፈ ነገር አያድንም። የሚያድነው ዋጋው በአንድ ጊዜ ሲዘል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ በጥቂት ሳምንት ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር አለፈ። አብዛኛው የምግብ ዘይት ከውጭ እንደሚገባ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም። በእንዲህ ያለ ሳምንት ካርድ የያዘ ሰው ተጠቀመ ቢባልም፣ ባለቤቱ በካርዱ ላይ ዋጋ መጨመር ባይችል ወጡን ማቅጠን ይችላል። ሥጋው ሲያንስ፣ እንጀራው ሲሳሳ ውል አፍርሷል ብሎ የሚከስ የለም።

አሁን ከባለቤቱ ወንበር እንየው። አርባ ደንበኛ 4,500 ብር ሲከፍል ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን 180,000 ብር እጁ ገባ። ይህ ያለ ዋስትና፣ ያለ ወለድ የተገኘ ብድር ነው። ጤፉን በኩንታል፣ ሽንኩርቱን በጆንያ፣ ዘይቱን በጀሪካን በአንድ ጊዜ ይገዛበታል፤ የሚሰጠው ቅናሽ የብድሩ ዋጋ ነው። ዱቤ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በዱቤ የሚበላ ደንበኛ በምግብ ቤቱ ገንዘብ ይኖራል፣ በኮንትራት ምግብ ቤቱ በደንበኛው ገንዘብ ይኖራል። ለባለቤቱ እጅግ ጥሩ ነው፤ እኔም ምግብ ቤት ቢኖረኝ ኮንትራት እሸጥ ነበር። አበዳሪው ግን እርስዎ ነዎት፤ አበዳሪ ደግሞ ተበዳሪው ነገ መኖሩን ይጠይቃል።

ይህ በካዛንቺስ የወሬ ነገር አይደለም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በሁለተኛው ዙር የኮሪደር ልማት ሰፈሩ ሲፈርስ ነዋሪው ገላን ጉራን ወደ መሳሰሉ ቦታዎች ተዛውሯል። ቤት ሲነሳ የምግብ ቤት ባለቤት ቀድሞ የሚያስበው ስለ ድስቱና ስለ ፍሪጁ ነው፤ ያልተበሉ የ12 ቀን ምሳዎች በሐሳቡ መጨረሻ ላይ ናቸው። ቢገኝስ ምን ይዘው ይጠይቁታል? ማኅተም የሌለው ቁራጭ ካርቶን? ስለዚህ የአራትና የስድስት ወር ኮንትራት በቅናሽ ሲቀርብልዎ አይቸኩሉ። የ15 ቀን ካርድ ካለ እሱን ይምረጡ፤ ቅናሹ ቢያንስም ሊጠፋ የሚችለው ገንዘብ በግማሽ ይቀንሳል። ሲከፍሉ በቴሌብር ወይም በባንክ ይክፈሉ፣ ማስረጃው ስልክዎ ላይ ይቀራል። ያልበሉት ቀን ወደሚቀጥለው ወር ይተላለፍ እንደሆነና በእርስዎ ፋንታ የሥራ ባልደረባዎ መብላት ይችል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ለሌላ የሚተላለፍ ካርድ ከማይተላለፈው ቢያንስ የሁለት ቀን ምሳ ያህል ብልጫ አለው፤ ከላይ እንዳየነው ትርፍና ኪሳራውን የሚለየው ሁለት ቀን ነው።

ይኸው ሒሳብ ለመዝናኛም ይሠራል። በፍሎሪዳ ያለው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ለሆቴሉ እንግዶች ምግብን አስቀድሞ የመሸጥ ዕቅድ አለው። በ2020 እ.ኤ.አ. በወረርሽኙ ምክንያት አቋርጦት በጃንዋሪ 2024 መልሶ ጀምሮታል። ያልተበላው ምግብ እንግዳው ሆቴሉን በሚለቅበት ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ይቃጠላል። ውድ ሥጋ የሚያዝ ይጠቀማል፤ ሰላጣ የሚበቃው ለሌላው ሰው ሥጋ ይከፍላል። ጉዳዩ የካዛንቺሱ ካርድ ነው፣ ሳህኑ ብቻ ተለወጠ።

የእኛ ሰው ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቡን ይዞ ቢሾፍቱ ሲወርድ ሆቴሉ «ቁርስ ብቻ» ወይም «ሃፍ ቦርድ» ብሎ ይጠይቀዋል። ሃፍ ቦርድ እራትን ይጨምራል። እራቱ ለአንድ ሰው 1,500 ብር ቢሆን ባልና ሚስት ለሁለት ሌሊት 6,000 ብር ነው ብለው ይስማማሉ። ዋጋው «ፕላስ ፕላስ» ከሆነ ግን 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት 7,590 ብር ይሆናል። ልጆቹ ገና አልተቆጠሩም፤ ከስንት ዓመት በታች በነፃ እንደሚበሉ ቤት ሳይለቁ በስልክ ይጠይቁ። ቀን ውኃ ሲንቦጫረቁ የዋሉ ልጆች ማታ ሁለት ጉርሻ ጎርሰው ይተኛሉ፤ አባትየው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከተማው ሥጋ ቤት ገብቶ ጥሬ ሥጋ ከቆረጠ ለእራት ቡፌው የሚተርፈው ፍላጎት ስንት እንደሆነ ራሱ ያውቀዋል።