ስለ ወለድ አገድ መሬት አመላለስና ስለ ዕዳው ልክ

በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ የሚገኘው ደጀን የጤፍ አገር ነው። የዚያ ባላገር በሬው ሲሞትበት፥ ወይም ሕመምና ድግስ ሲደራረብበት፥ ገንዘብ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ መሬቱን አሲዞ ነው። ወለድ አገድ የተባለው ልማድ ከዚህ ችግር የመጣ ነው፤ ይኸውም ባለገንዘቡ መሬቱን ተረክቦ ያርሳል፥ ምርቱም በወለድ ፋንታ ይሆንለታል፤ ዋናው ገንዘብ ግን ዐሥር ዓመት ቢታረስበት እንኳ አንድ ብር አይጐድልም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ውል በስሙ ጠርቶ ሥርዓት አበጅቶለት ነበር። የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ግን የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ መሸጥንም ማስያዝንም ወለድ አገድንም ከለከለ። የ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለገንዘብ ተቋም በዋስትና እንዲያሲዝ ፈቀደለት እንጂ የቀድሞውን ወለድ አገድ አልመለሰም። ልማዱ ግን በኪራይ ውል ስም ተሸፍኖ ይኖራል።

ክርክሩ የሚነሣው ባለመሬቱ ገንዘቡን ይዞ በመጣ ቀን ነው። እርሱ የወሰድሁት ይህን ያህል ነው ሲል፥ ባለገንዘቡ ኋላ የጨመርሁልህ አለ ይላል፤ ምስክሮቹም ወይ ሞተዋል ወይ ለአንዱ ወገን አድልተዋል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በጽሑፍ፥ አለዚያም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል፤ የተከፈለውም ገንዘብ እንደዚሁ ነው። እንግዲህ ደረሰኝ ሳይቀበል የከፈለ ሰው ሁለተኛ ሊከፍል ይችላል። ዕዳው ባይከፈል መሬቱ ለአበዳሪው ይቅር የሚለውንም ቃል ሕጉ አይቀበለውም።

ባለገንዘቡም ቢሆን ሊናቅ አይገባም። ውሉ ሲፈርስ መሬቱ ለባለመሬቱ እንደሚመለስ ሁሉ፥ ያበደረውም ገንዘብ ሊመለስለት የተገባ ነው። አንዱን ወገን ብቻ የሚያስደስት ፍርድ በጎረቤታሞች መካከል ቂም ይተክላል።

ስለዚህ የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት ጉዳዩ ለክስ እስኪደርስ መጠበቅ አይገባቸውም። የኪራይ ውል ሲመዘገብ የተከፈለውን ገንዘብ፥ የዓመቱን ቍጥርና መሬቱ የሚመለስበትን ቀን በግልጥ ያስጽፉ፤ ለሁለቱም ወገን ግልባጭ ይስጡ። የመመለሻውም ቀን ጤፉ ታጭዶ ከተወቃ በኋላ፥ የሚቀጥለው እርሻ ከመጀመሩ በፊት ይሁን፤ አለዚያ በዘሩ ላይ አዲስ ጠብ ይነሣል። ማንበብ ለማይችለውም ባላገር የተጻፈው ቃል ከመፈረሙ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብለት። ይህ ጥቂት ድካም የብዙ ዓመት ሙግት ያስቀራል፤ ገበሬውም በፍርድ ቤት ደጅ የሚያባክነውን ቀን ለእርሻው ያውለዋል።