ዋልካና የሳይንስ ትምህርት

በአቃቂ ቃሊቲ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ የሚታየው አፈር አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በአገራችን ይህን መሰሉ አፈር ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሸፍን ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በደጋው ይገኛል።

ዋልካ ለም አፈር መሆኑ ይታወቃል። ችግሩ ውሃው ነው። የአፈሩ ቀዳዳዎች በውሃ ሲሞሉ ሥሩ አየር ያጣል፤ ናይትሮጅኑም በደቂቅ ሕዋሳት አማካይነት ወደ ጋዝ ተለውጦ ይበናል። ማዳበሪያ የተጨመረበት ሰብል ጭምር ቢጫ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ሽምብራና ጓያ ዝናቡ ሲያባራ በቀሪው እርጥበት ይዘራሉ፤ ዋናውን የዝናብ ወራት ግን መሬቱ ባዶውን ያሳልፋል። አንዳንዶች ይህን የገበሬው ስንፍና አድርገው ቢያዩትም፣ ልምድ ያስተማረው ጥንቃቄ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ በተጀመረ የምርምር ሥራ፣ ሁለት የአገር ማረሻ አጣምሮ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ተዘጋጅቶ ነበር። 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መደብና ውሃውን የሚያስወጣ ቦይ ይሠራል፤ ስንዴም በክረምቱ መግቢያ እንዲዘራ ያስችላል። ይሁን እንጂ የታሰበውን ያህል አልተስፋፋም። ክብደቱ በሬውን አደከመ። ከዚህ ይልቅ የከበደው ግን የጉርብትና ጉዳይ ነው፤ ከአንዱ ማሳ የወጣ ውሃ የሌላውን ያጥለቀልቃልና፣ ቦዩ ከማሳ ማሳ ተያይዞ ወንዝ ካልደረሰ ጥቅሙ ለጠብ ይተርፋል።

የሳይንስ ትምህርት የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው፤ የባዮቴክኖሎጂ ትምህርትም ይሰጣል። ይሁንና ለዋልካው ከፍተኛ ትምህርት ብቻ አይበቃም። የናይትሮጅንን ዑደት ለፈተና የሚሸመድድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ዋልካና ቀይ አፈር በሁለት ቀዳዳ ጣሳዎች ሞልቶ ውሃ ቢያፈስባቸው የትኛው ቶሎ እንደሚያሳልፍ በዓይኑ ያያል። ውሃ የሞላ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ይዞም የማሳውን ተዳፋት መለካት ይችላል፤ በቱቦው ሁለት ጫፍ ያለው ውሃ ምንጊዜም እኩል ከፍታ ይይዛልና። ልኬቱን ሁለቱም ጎረቤታሞች ቆመው ካዩት፣ ቦዩ በየት ይውጣ የሚለው ክርክር በግምት መሆኑ ይቀራል።

ለዚህ ሥራ አመቺው ወር ግንቦት ነው። ክረምቱ ከጠና በኋላ ዋልካው እግር ይይዛል።